ተራ ቁጥር ሰባት

የማጉረምረም ፈቃድ ከጡረታ መታወቂያዬ ጋር አብሮ የተሰጠኝ ይመስለኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። አሁን 73 ዓመቴ ነው። የምደምረው ገንዘብ የለም፤ አፌ ግን ተከፍቷል። ቤቴ ውስጥ የሚሰማኝ ባጣ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት።

ነገሩ የልጅ ልጅ ነገር ነው። ትልልቆቹ ልጆቼ ወልደዋል፤ ተመስገን። የመጨረሻው ግን ካገባ አምስት ዓመት አለፈው፣ ልጅ የለም። ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ችግር የለባቸውም። ይህን ያወቅሁት ጠይቄ አይደለም፤ ባለቤቴ ናት የጠየቀችው። ሴቶች የሚጠያየቁበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። እሷ በሠርጋቸው ማግስት ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ያስመታችው አንቀልባ ነበር፤ አምስቱም ልጆቻችን የታዘሉበት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ባለፈው ክረምት አይጥ ማንገቻውን በላችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዚያ አንቀልባ የተጠቀመች እሷ ብቻ ናት።

አንድ እሑድ ለምሳ መጥተው፣ ቡና ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አልቻልኩም። "እኛ ስንወልድ ምን ነበረን? ልጅ እንደሆነ በዕድሉ ያድጋል" አልኩ። ምራቴ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጨዋ ልጅ ናት። ሲኒዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ ምንጣፉ እያየች፣ "ልክ ነው አባባ፤ ዕድሉ ግን ኪራይ ይከፍላል?" አለችኝ። ባለቤቴን ፈንዲሻ አነቃት። ልጄ ኮርኒሱን በዓይኑ መለካት ጀመረ።

እኔ ደግሞ ስድብ እችላለሁ፤ የማይገጥም ሒሳብ ነው የማልችለው። መነጽሬንና እስክሪብቶዬን አስመጣሁና "በሉ ቁጥሩን ንገሩኝ" አልኳቸው።

የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ኪራዩ በወር 18 ሺህ ብር። የልጄ ደመወዝ ከነትርፍ ሰዓቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ እሱ ለአከራዩ ይሠራል፤ እሷ ደግሞ ለሁለቱ ሆድ፣ ለታክሲውና ለመብራቱ ትሠራለች። ሦስተኛ ሰው ቢመጣ የሚሠራለት የለም። ሞግዚት እንቅጠር ቢሉ የሞግዚቷ ደመወዝ አለ፤ በዚያ ላይ እሷም መተኛ ያስፈልጋታል። መኝታው አንድ ነው። እናትና አባት መኝታ ቤት፣ ሞግዚት ሳሎን፣ ሕፃኑ... እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ደግሞ አንድ ቦታ ቢቀመጡ ምን ነበረበት? ሲጋቡ ገርጂ ነበሩ። በዓመቱ ተጨመረባቸውና ሰሚት ሄዱ። ቀጥሎ አያት። ቀጥሎ ይኸው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሣበት። ከእንግዲህ አንድ ጭማሪ ቢመጣ ወዲያ ያለው የክፍያ መንገድ ነው። አልጋቸው በሦስት ጉዞ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ብሎኬት ላይ ነው የቆመው። የሠርግ ስጦታ አልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ የገዛሁት።

ልጄ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። በሰኔ 2005 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲካሄድ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ እኔው ራሴ ይዤው ሄጄ አስመዘገብኩት። 20/80፣ ባለ አንድ መኝታ። በወር 274 ብር ለአምስት ዓመት። አንድም ወር አላጓደለም፤ ደብተሩን የማስቀምጥለት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ያን እሑድ ደብተሩን አወጣሁ። 274 ሲባዛ በ60፣ 16,440 ብር ይመጣል። የሚከፍለውን ኪራይ ከሥሩ ጻፍኩት፤ 18,000። የአምስት ዓመት ቁጠባ የአንድ ወር ኪራይ አልሞላም! የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አባዛሁት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢቀርብልኝ ኦዲተር እጠራ ነበር።

ዕጣው? አልደረሰውም። በሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ስሙን ፈልገን አጣነው። ከዚያ ያ ዕጣ የኮምፒውተሩ መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ጓሮ ሄጄ እልል አልኩ። በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እዚያም የለም። አንድን ዕጣ ሁለት ጊዜ ማጣት ለልጄ ነው የተሰጠው። ምራቴ፣ "ቤቱ ሲደርሰን እንወልዳለን ብለን ነበር" አለችኝ። ስለዚህ የልጅ ልጄ ተወልዶ አይደለም፣ ተፀንሶም አይደለም፤ ተመዝግቦ ነው ያለው። ከሰኔ 2005 ጀምሮ ተራ ይጠብቃል።

እስቲ ስለ እኛ ላውራ፤ ወጣት ሁሉ ሽማግሌ "በኛ ጊዜ" ሲል ሰዓቱን ያያል፤ ይይ።

በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ 22 ዓመቴ ነበር። አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ቁጥር አልረሳም። ትርፍ ቤት የነበራቸው ሰዎች በአንድ ቀን ባለ አንድ ቤት ሆኑ፤ አባቴ ድሮም ያለው አንድ ስለነበረ አልተነካበትም። በርካሽ የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ገባ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ባለቤቶቹ አለቀሱ፣ ተከራዩ ጨፈረ፤ እኔ በጊዜው ከጨፈሩት ወገን ነኝ። በ1969 ስንጋባ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ከቀበሌ አገኘን፤ ኪራዩ 12 ብር። ደመወዜ 165። ከመቶ ሰባት ብር ማለት ነው። እኔ ለቤት ያወጣሁት፣ ልጄ ለአከራይ ሲከፍል መጨረሻ ላይ የሚጥለውን ሳንቲም አያህልም።

ሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ልጅ አሳደግን። እንዴት እንደ ተኛን ልንገራችሁ? ለወንዶቹ ቆጥ ሠራሁላቸው፤ በመሰላል ይወጣሉ፣ ራስና ግርጌ ሆነው ይተኛሉ። ሴቶቹ ከእናታቸው ጋር። እኔ መጀመሪያ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ በሦስተኛው ልጅ ወደ ጠርዙ ተገፋሁ፤ በአራተኛው መደብ ላይ ወረድኩ። አምስተኛው ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ቦታ ያልነበረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ አንድ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ የትኛው ቤት እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤት ለጎረቤት በግድግዳው ይጠያየቃል። ማንም ግን "ልጅህ አለቀሰ፣ ልቀቅ" ያለኝ የለም። የማን ቤት ነውና!

ዘመኑ ደግ ነበር የሚላችሁ ካለ ያን ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅ ልጁ ማታ እስኪገባ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ ነበር፤ ሳይገባ የቀረ ብዙ ነው። እኛ በዚያ ዓመት ወለድን። ስንት ጊዜ ለልጆቼ ይህን አውርቻለሁ መሰላችሁ፤ "በጥይት ድምፅ መሐል ወለድናችሁ፣ እናንተ ሰላም ላይ ተቀምጣችሁ ፈራችሁ" እያልኩ። የቁጠባ ደብተሩን ይዤ ስቀመጥ ነው የገባኝ፤ ጀግና አልነበርኩም። ቤቱ 12 ብር ነበር።

በ12 ብር ደግሞ ጣሪያ አይጠገንም። ቀበሌው አላደሰም፣ እኛም አላደስንም፤ በዚያ ኪራይ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ሞኝም አልነበረም። ከተማው ሰው ሲጨምር ቤቱ ባለበት አረጀ። የኔ ርካሽ ኪራይ ዕዳው የት እንደተመዘገበ አሁን ነው ያየሁት፤ በልጄ ስም ነው።

ትልቁ የልጅ ልጄ ክርክሩን ሰምቶ ስልኩን ይዞ መጣ። የዛሬ ልጅ መጽሐፍ አይገልጥም፤ አውራ ጣቱ ግን የማይደርስበት የለም። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አንዲት ሴት በአማካይ በሀገሪቱ 4.6፣ በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአዲስ አበባ 1.8 ልጅ ትወልዳለች ይላል። ባለቤቴ "ነጥብ ስምንቱ ምንድነው?" አለች። "አማካይ ነው" አልኳት። "አማካይ ጡት አይጠባም" አለችኝ። በ1997ቱ ጥናት ደግሞ 1.4 ነበረ። እናትና አባትን ለመተካት እንኳ ሁለት ከምናምን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ይህ ከተማ ከገጠር ሰው ባይመጣለት ኖሮ ቀስ በቀስ በሩን ይዘጋ ነበር።

ይባስ ብሎ ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጅ 2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ የአንዲት ሴት የልጅ ቁጥር በፈረንጅ 1990 ከነበረበት 3.1 በአሥር ዓመት ወደ 1.9 መውረዱን ይናገራል። የወረደው በዋነኛነት ሰው ዘግይቶ ስላገባና ያገቡ ሴቶች ድርሻ ስለቀነሰ ነው። ተመራማሪዎቹ ከጀርባው ምን አለ ብለው ገመቱ? የሥራ እጦትና የቤት ውድነት። ልብ በሉ፤ ይህ ሲጻፍ ልጄ አማርኛ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ነበር። እኔ ጥፋቱን ስልክ ላይ፣ ፊልም ላይ፣ ጂንስ ሱሪ ላይ ሳላክክ ሃያ ዓመት አልፏል።

ሒሳቡ ባይገባኝ እንኳ ዓይኔ ያየውን አልክድም። አሁን ያሉበት ውል ሊያልቅ ስለተቃረበ ልጄን ተከትዬ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ሽማግሌ ሲያዩ ዋጋ ይቀንሳሉ ብዬ ነው። ደላላው ልጄን ትቶ እኔን፣ "ጋሼ፣ ስንት ናቸው?" አለኝ።

"ሁለት።"

"ይጨምራሉ ወይስ በዚሁ ይረጋሉ?"

ከብት የሚገዛ መሰለኝ። "እግዜር ያውቃል" አልኩት። "እግዜርስ ያውቃል፤ አከራይዋም ማወቅ ይፈልጋሉ" አለኝ።

አከራይዋ በር ከፍተው መጀመሪያ ያዩት የምራቴን ፊት አይደለም፤ ሆዷን ነው። ቀጥሎ ዝርዝሩ መጣ፤ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሕፃን ልብስ አጣቢ አይሆንም፤ ምጣድ ቆጣሪ ይጥላል፤ በር ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ነው። ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤት አለ። ውሻቸው አራት ቡችላ ወልዳ ተንጋላ ታጠባለች። ኪራይ የለባት፣ በር አይዘጋባት። አላስቻለኝምና "ለእሷ ውል ፈርማችሁላታል?" አልኩ። ቤቱን አላገኘነውም። ልጄ እስከ ታክሲ ድረስ አላናገረኝም።

አዋጅ አለ፣ አላለም እንዳትሉኝ። በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ እሱም መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን። ጥሩ ነው፤ የኔን ጭብጨባ የጠየቀ ባይኖርም አጨብጭቤያለሁ። ግን ሁለት ዓመት 24 ወር ነው። ዘጠኙን ለእርግዝና ቀንሱ፤ 15 ወር ይቀራል። ሕፃኑ አፉን ፈትቶ "ቤታችን" ማለት ሲጀምር ውሉ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ቤት ገብቼ በምሬት ስደረድረው፣ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ "የአንተስ ተራ ቁጥር ሰባት?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ብዘልለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጀምሬዋለሁ።

አባቴ ካረፉ በኋላ የቀበሌውን ቤት መልሰን ጉለሌ የሚገኘው የእሳቸው ቤት ገባን። ዛሬ ትልቁ ልጄ ከነቤተሰቡ አንዱን ክፍል ይዟል፤ ባሏ የሞተባት እህቴ አንዱን ይዛለች፤ እኔና ባለቤቴ አንዱን። ጓሮ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች፤ የማከራያት። ለምን ለልጅህ አትሰጠውም የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ የኔን ጡረታ ዘይትና ጤፍ አንድ ላይ ሆነው በአሥር ቀን ነው የሚጨርሱት። ሃያውን ቀን የምታበላን ያቺ ክፍል ናት። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ጋራዥ፣ እሷ ልብስ ስፌት። ውሉን በእጄ ነው የጻፍኩት፣ በዚያ በሚያምር የሒሳብ ሹም ጽሕፈቴ። ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ "ተከራይ ያለ አከራይ ፈቃድ የሰው ቁጥር አይጨምርም።"

እኔ የጻፍኩት ለእንግዳ ነው። ለዘመድ፣ ለደባል፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ወንድም። ተከራይዋ ግን ያነበበችው ሌላ ነው።

"ልጅቷ ሰባት ወሯ ነው" አለች ባለቤቴ። "ማን?" አልኩ። "ተከራይህ።" ሳቅሁ። በየቀኑ አያታለሁ፤ ወፈር ብላለች እንጂ ምንም የላትም፤ እንዲያውም ስፌት ቁጭ ማለት ነውና እንዳትወፍር በእግሯ እንድትሄድ መክሬያታለሁ። ለካስ ሰባት ወር ሙሉ ነጠላ ደርባ፣ እኔ ስወጣ እየገባች፣ እኔ ስገባ እየወጣች ነው የኖረችው። ባለቤቴ ታውቃለች፣ እህቴ ታውቃለች፣ የልጅ ልጆቼ ያውቃሉ፤ አምሮቷን እንኳ ከኔው ማጀት ነው ስትወጣ የነበረው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። እኔ "የዘንድሮ ወጣት አይወልድም" እያልኩ ግቢውን ስዞር፣ ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ አንዲት ሴት ሆዷን ከኔ ትደብቃለች።

ውሉን አመጣሁ። ተራ ቁጥር ሰባትን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ ሒሳብ ክፍል እንደምናደርገው ከጎኑ ፈረምኩበት። ለባልየው ስሰጠው እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ልቀቁ የሚል ደብዳቤ መስሎታል። አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ኪራዩስ ጋሼ?" አለ። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር። "ባለበት" አልኩ፤ እንዴት እንደወጣልኝ እኔም አላውቅም።

ልጅቷ ሴት ወለደች። ሴቶቹ ገንፎ አገንፍተው ግቢውን በቅቤ ሽታ ሞሉት፤ አንቀልባው በሰፈሩ ጫማ ሰፊ አዲስ ማንገቻ ተሠራለትና ወደ ሰርቪስ ክፍሏ ገባ። ሕፃኗ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ድምፅዋ ከኔ ራስጌ ግድግዳ ጋር ውል ያለው ይመስላል። እንቅልፍ ካጣሁ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ለማን አቤት እላለሁ? የሰረዝኩት እኔው።

ባለፈው እሑድ ልጄና ምራቴ መጥተው አቀፏት። ምራቴ ለረጅም ጊዜ አልመለሰቻትም። ልጄ ወደ ጓሮ ወስዶኝ በለሆሳስ፣ "አባዬ፣ እነዚህ ልጆች ውላቸው መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። አንዱን ሕፃን ለማስገባት ሌላውን ሕፃን ማስወጣት አለብኝ። ይህን ዓይነት ሒሳብ እኔ አልተማርኩም።

ስለዚህ ወደ እናንተ ልመለስ። ባለ አንድ መኝታም ይሁን ሰርቪስ፣ ቱሉ ዲምቱን ሳያልፍ፣ ተራ ቁጥር ሰባትን የሰረዘ አከራይ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ተከራዮቹ ለጊዜው ሁለት ናቸው፤ ይጨምራሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አልጋቸውን እኔ አስጠግናለሁ። ደላላ እንዳይደውልልኝ።